ጥቁሩ ፌስታል፦ ለአረጋውያን መድኃኒት ስንሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ለለቅሶ ደሴ መጡ። ሐረጎን ሲወጡ ራሳቸውን አዙሯቸው ኖሮ፣ እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ጎራ አሉ። ጥቁር ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። "ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ የማዞሩ የትኛው ነው?"

ቆጠርኩ። 11 ዓይነት ነው። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ የደም ግፊቱ ኤናላፕሪል። ፋብሪካው ስለተለያየ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ሮዝ ሆኗል። እሳቸው ሁለት መድኃኒት መስሏቸው ሁለቱንም ሲውጡ ከርመዋል። ማዞሩ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "እርጅና ነው እንጂ ምን ይሆናል" አሉኝ።

እንዲህ ያለ ፌስታል በየሳምንቱ ይመጣል። ስህተቶቹም ይመሳሰላሉ።

ሁሉንም በእርጅና ማሳበብ

ማዞር፣ መርሳት፣ መውደቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። እርጅና እነዚህን ሊያመጣ ይችላል። ክኒንም ያመጣቸዋል። ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊትና ጉበት መድኃኒትን የማስወገድ አቅማቸው ይቀንሳል። ለ40 ዓመት ሰው ልክ የሆነው መጠን ለ75 ዓመት አዛውንት ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ይሄ ከመጀመሩ በፊት ምን አዲስ ክኒን ጀመሩ?"

በመድኃኒት ላይ መድኃኒት መደረብ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ባለሙያም ይሳሳትበታል። እንዲህ ነው የሚሆነው። አባት ለግፊት አምሎዲፒን ይጀምራሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እግራቸው ያብጣል። እብጠት የታወቀ የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው። እሳቸው ግን ሌላ ቦታ ሄደው "እግሬ አበጠ" ይላሉ። የሚያሸና ክኒን ይታዘዛል። አሁን ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሳሉ። እንቅልፍ አጣሁ ሲሉ ደግሞ የእንቅልፍ ይጨመራል። አንድ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ደጃፍ ላይ ይወድቃሉ። በአንድ ክኒን የጀመረው ነገር በዳሌ ስብራት አለቀ።

ኤናላፕሪልም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ስንቱ ነው የሳል ሽሮፕ እየቀያየረ ከርሞ፣ የግፊቱ መድኃኒት ሲቀየርለት ሳሉ የተወው!

ዳይክሎፌናክን እንደ ከረሜላ

ደሴ ሽቅብና ቁልቁለት ነው፤ ብርዱም አይምርም። የጉልበት ቁርጥማት የሌለበት አዛውንት ማግኘት ይከብዳል። "ያቺን የቁርጥማቷን ስጠኝ" ይሉኛል፤ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ማለታቸው ነው። አንድ ሁለት ቀን መውሰድ አንድ ነገር ነው። ወር ሙሉ ሲሆን ግን ጨጓራን ያደማል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በተለይ ኤናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን የሚወስድ ሰው ይሄን ሲደርብበት ኩላሊቱ ባንዴ ሊደክም ይችላል። ጨጓራ ሲደማ ሁሌ ሕመም የለውም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

"መርፌውን ከተወጋሁ ጨጓራዬን አይነካም" የሚሉም አሉ። ይነካል። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ነው የሚጎዳው፤ በአፍ ገባ በመርፌ ያው ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ፓራሲታሞል። ባለ 500 ሚሊግራሙን በአንዴ 1 ወይም 2 ፍሬ፣ ለአረጋውያን በቀን ከ6 ፍሬ ባይበልጥ ይመረጣል። ጉበቱን የታመመ ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ደርበው እንዳይወስዱ። ጉልበት ላይ የሚቀባውም ዳይክሎፌናክ ከሚዋጠው በጣም ያነሰ ነው ወደ ደም የሚገባው።

የእንቅልፍ ክኒን ልማድ ሲሆን

ዳያዜፓም አዛውንት ሰውነት ውስጥ ቶሎ አይወጣም። የማታው ሳያልቅ የነገው ይደረብበታል። ቀን ያንገዳግዳል፣ ያስረሳል። ሐኪሞች ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን የያዘ ቢርስ የሚባል ዝርዝር አላቸው፤ አሜሪካ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. ወጥቶ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ሲታደስ ቆይቷል። ዳያዜፓም እዚያ ውስጥ አለ። ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም አለ። እንደ ቀልድ የምንገዛው የጉንፋንና የአለርጂ ክኒን ክሎርፌኒራሚንም አለ፤ አፍ ያደርቃል፣ ፕሮስቴት ያለበትን ሰው ሽንት ይከለክላል፣ አንዳንዱን ያቃዣል።

ግን ዳያዜፓምን ለዓመታት የወሰደ ሰው ዛሬውኑ አይጣለው። በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። እንደ ፕሬድኒሶሎን (ለአስምና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጠው) እና ፕሮፕራኖሎል (የልብና የግፊቱ) ያሉትም ባንዴ ሲቋረጡ አደጋ አላቸው። "ግፊቴ ወረደ" ብሎ የግፊት ክኒን ማቆምም ያው ስህተት ነው። የወረደው እኮ በክኒኑ ነው።

የቡና ላይ ማዘዣ

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ አንዷ "ወገቤን" ትላለች። ሌላዋ ከጓዳ አንድ ስትሪፕ ይዛ ትመጣለች። "እኔን በሁለት ፍሬ ነው ያዳነኝ፣ አብሽሪ!" ደግነቱ የወሎ ነው፤ ክኒኑ ግን የጎረቤት ነው። እሷ ስኳር የለባትም፣ አንቺ አለብሽ። የእሷ ኩላሊት ደህና ነው፣ ያንቺን ማን አየው? በረካውን አብሮ መጠጣት ይበቃል።

በቁጥር መሳሳት

ይሄኛው የኛው የሐበሾች ጣጣ ነው። ስትሪፑ ላይ የማብቂያ ጊዜው 03/2025 ይላል። ዘመኑ በኛ 2018 ነው ብሎ "ገና 7 ዓመት አለው" የሚል ሰው ገጥሞኛል። የተጻፈው በፈረንጅ ነው። በኛ አቆጣጠር መድኃኒቱ መጋቢት 2017 ላይ አልቋል።

ሰዓቱም እንዲሁ። "በየ8 ሰዓቱ" ሲባል ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት የመሰላቸው እናት ነበሩ። ሌሊት ማንቂያ እየሞሉ ይነሳሉ! በየ8 ሰዓቱ ማለት በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። እኔ አሁን ቁጥር ትቼ "ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ" ብዬ ነው የምጽፍ።

ጾም ሲመጣ ሐኪም አለማማከር

እኛ ዘንድ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም ይጾማል፤ አንዳንዴ አንድ ቤት ውስጥ። የስኳር ታማሚ ግሊቤንክላሚድ ወስዶ ሳይበላ ሲውል ስኳሩ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ይመጣል። ይሄ ክኒን በተለይ አዛውንት ላይ ረጅም ሰዓት ይሠራል፤ ቢበሉም መልሶ ሊወርድ ይችላል። ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙን መፍታት ነው። በሁለቱም እምነት ሕመምተኛ አይገደድም። ጾሙ ሳይገባ፣ ቢቻል አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ክትትል የሚያደርጉበት ጋ ሄዶ ሰዓቱንና መጠኑን ማስተካከል ይቻላል።

የቤት መድኃኒትን መደበቅ

ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር። ሐኪም ይቆጣኛል ብለው አይናገሩም። ይናገሩ። በተለይ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው። ጎመን እንኳ ባንዴ ሲበዛ ወይም ባንዴ ሲቀር የዋርፋሪኑን ልክ ያዛባል።

ወደ እናታችን ልመለስ። ከኤናላፕሪሉ አንዱን ለይቼ አሳየኋቸው፤ የሁሉንም ስም በወረቀት ጻፍኩላቸውና ፌስታሉን እንዳለ ይዘው ወደ ሐኪማቸው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። በጥቅምት ለተዝካሩ ሲመጡ ክኒኑ 6 ሆኗል። ማዞሩስ? አልኳቸው።

"እሱስ ትቶኛል ልጄ። ጉልበቴ ነው ያልተወኝ። ያን የሚቀባውን ስጠኝ።"