የኤሌክትሪክ ምትና ኬሞ አንድ ላይ ሲሆኑ የዕጢ ደም ስር ምን ይሆናል? በሁለት ሃይላንድና በአንድ ቀይ ስር እንዴት ማሳየት ይቻላል

ጎንደር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኤሌክትሮኬሞቴራፒን፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒትንና (ኬሞን) የኤሌክትሪክ ምትን አጣምሮ ዕጢ የሚያክመውን ዘዴ፣ ለተማሪ ማስረዳት ቀላል መስሎኝ ነበር። መድኃኒት ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ብሊዮማይሲን ወይም ሲስፕላቲን። ከዚያ ዕጢው ላይ 8 አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ያርፋሉ፤ እያንዳንዳቸው 100 ማይክሮ ሴኮንድ። የሴሉ ሽፋን ለጊዜው ይበሳሳል፣ መድኃኒቱ ይገባል። እስከዚህ ሁሉም ይገባዋል። የሚያስቸግረው የደም ስሩ ጉዳይ ነው፤ ምቱ ሲያርፍ የዕጢው ደም ስር ይጨመደዳል፣ ኋላም ይዘጋል።

መጀመሪያ ዕቃውን አዘጋጁ፦ ሁለት ሃይላንድ፣ ሁለት አዲስ የግሉኮስ መስመር ከፋርማሲ (ያገለገለ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ)፣ ሁለት ነጭ ስፖንጅ፣ ማስቲካ፣ ከቅዳሜ ገበያ ቀይ ስር። የምግብ ቀለም ግዙ የሚል አለ። ለምን ብር ታወጣላችሁ? የቀይ ስር ቅቅል ውሃ ይበቃል።

ሃይላንዶቹን ቂጣቸውን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ ስቀሉ። በክዳኑ በኩል መስመሩን አስገቡ፣ ስፖንጁ ላይ ይንጠባጠብ። ከስፖንጁ ስር ወንፊትና ሳህን። ስፖንጁ ዕጢው ነው፣ መስመሩ ደም ስሩ፣ ቀዩ ውሃ መድኃኒቱ፣ ንጹሁ ውሃ ደሙ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቅደም ተከተሉ። እኔ አምና ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። «ምቱ ሲያርፍ የደም ስሩ ይጨመደዳል» ብዬ መጀመሪያ የመስመሩን መዝጊያ ዘጋሁ። ከዚያ ቀዩን ውሃ ጨመርኩ። ስፖንጁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከኋላ አንዷ «ቲቸር፣ ታዲያ መድኃኒቱ በየት በኩል ገባ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ቤቴ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሮቶው የሚሞላው መስመሩ ሳይዘጋ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ባዶ ሮቶ ይዞ መቀመጥ ነው። ሐኪሞቹም እንደዚያው ያደርጋሉ። ብሊዮማይሲን በደም ስር ከተሰጠ ምቱ የሚጀመረው ከ8 ደቂቃ በኋላ ነው፣ መድኃኒቱ ዕጢው ጋ እስኪደርስ። ብዙም አይቆዩም፤ የተለመደው እስከ 28ኛው ደቂቃ ድረስ መጨረስ ነው።

ስለዚህ ቀዩን ውሃ በሁለቱም ልቀቁ። ስፖንጆቹ ሲቀሉ ንጹህ ውሃ አስከትሉና የአንዱን መዝጊያ ዝጉ። ምቱ ያረፈበት እሱ ነው። ትንሽ ጠብቁ። ክፍት የሆነው እየታጠበ ይገረጣል። የተዘጋው እንደቀላ ይቆያል። ደም ስሩ ሲጨመደድ መድኃኒቱን እዚያው ቆልፎ ያስቀረዋል ማለት ይሄ ነው።

ቀጥሎ መዝጊያውን ክፈቱ፣ ውሃው ይምጣ። ጤነኛ ሥጋ እንደዚህ ነው፣ ደሙ ቶሎ ይመለሳል። እንደገና ዝጉና የመስመሩን ጫፍ በታኘከ ማስቲካ ድፈኑት። አሁን ብትከፍቱም ጠብታ የለም። የዕጢው ደም ስር ነው። ውስጡን የሸፈኑት ሴሎችም በምቱ ተበሳስተዋል፣ መድኃኒቱን እነሱም ወስደዋል፣ ስለዚህ ይሞታሉ። በሰዓታት ውስጥ ፍሰቱ ቀጥ ይላል ለማለት ይቻላል። ከመድኃኒቱ ያመለጠው የዕጢ ሴል ደግሞ ኦክስጅንና ምግብ ያጣል። የሚደማ ዕጢ በዚህ ሕክምና መድማቱን የሚያቆመውም ደም ስሩ ስለሚጨመደድና ስለሚዘጋ ነው። ተማሪዎቼ ይሄን ስነግራቸው ነው ማስቲካውን ቀረብ ብለው ያዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ቲቸር፣ እውነተኛ ኤሌክትሪክ እናድርግበት» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ውሃና ሶኬት አታገናኙ። የሕክምናው መሣሪያ በሴንቲ ሜትር 1000 ቮልት ገደማ ቢሰጥም እጅግ ለአጭር ጊዜ፣ ተለክቶ ነው። የግድግዳው 220 ዝም ብሎ ይገድላል።

ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ከሆነ ቀይ ስሩን ከመጨመራችሁ በፊት አውልቁት። የኔ እስካሁን አልለቀቀም።