ጉድጓዱ ለምን ዘመመ? ለመሬት መከታተያ መሣሪያ ቀጥ አድርጎ ለመቆፈር

«ትንሽ ቢዘም ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። 1 ዲግሪ ብቻ የዘመመ ጉድጓድ 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ከቦታው ይርቃል። ኢንክሊኖሜትር (ጉድጓዱ ውስጥ የመሬቱን የጎን እንቅስቃሴ የሚለካው መሣሪያ) ደግሞ የሚያነበው ሚሊሜትር ነው። ለውጥ እንጂ ቦታ አይለካም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ኬሲንጉ (ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ቧንቧ) ከዘመመ ወይም ከተጠማዘዘ፣ ፕሮቡ (በቧንቧው ውስጥ የሚወርደው መለኪያ) በንባቦቹ መካከል በጥልቀት ትንሽ ሲለያይ የሌለ የመሬት እንቅስቃሴ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ከላይ ጀምሮ ከዘመመ፦ ጥፋቱ የሪጉ (የመቆፈሪያ ማሽኑ) አቀማመጥ ነው። አንዱ ጃክ (የማሽኑ ድጋፍ እግር) ለስላሳ አፈር ላይ አርፏል፣ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ከጃኮቹ ስር ወፍራም እንጨት ወይም ብረት አንጥፉ። ውሃ ልኩን ማስቱ (የማሽኑ ምሰሶ) ላይ ብቻ ለክታችሁ እንዳትተዉት፣ ሮዱ (የመቆፈሪያ ዘንጉ) ራሱ ላይ አድርጉት፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ዞራችሁ ድገሙት፤ ከአንድ ጎን ብቻ ማየት ዋጋ የለውም። አጭር የመምሪያ ቧንቧ ቀጥ አድርጎ በሲሚንቶ መትከልም ይረዳል። ሮድ በጨመራችሁ ቁጥር መልሳችሁ ለኩ።

ላይ ቀጥ ብሎ ታች ከታጠፈ፦ በአብዛኛው ችኮላ ነው። ኦፕሬተሩ ከላይ አብዝቶ ሲጫን ቀጭኑ ሮድ ይለመጣል፣ ቢቱም (ጫፉ ላይ ያለው መቁረጫ) አብሮ አቅጣጫ ይቀይራል። በተለይ ከለስላሳ ወደ ጠንካራ፣ ዘንበል ያለ ንብርብር ሲገባ ወይም የትልቅ ድንጋይ ጠርዝ ሲነካ። ግፊቱን ቀንሱ፣ ቀስ ብሎ ይብላ። ከቢቱ በላይ ወፍራም ከባድ ሮድ ወይም ማረጋጊያ አስገቡ። የደነዘዘ ቢት ቀይሩ። ሮዶቹንም ፈትሹ፦ ሁለት ድጋፍ ላይ አስቀምጣችሁ በእጅ ስታንከባልሉት መሀሉ ከፍ ዝቅ ካለ ጎብጧል፣ ወዲያ በሉት።

ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ኬሲንጉ እባብ ከሆነ፦ ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ግራውት (በኬሲንጉና በጉድጓዱ መካከል የሚሞላው የሲሚንቶ ድብልቅ) ከውሃ ይከብዳል፣ ስለዚህ ባዶ የፕላስቲክ ኬሲንግ ወደ ላይ ይገፋል፤ ያኔ አንዱ መጥቶ ከላይ ይጫነዋል፣ ኬሲንጉም መታጠፊያ ፍለጋ ግራና ቀኝ ይላል። ኬሲንጉን ውሃ ሙሉት። እሱ ብቻ ላይበቃ ስለሚችል ከታች በክብደት ወይም በመልህቅ ያዙት እንጂ ከላይ አትጫኑ። ኬሲንጉ ውስጥ ያሉት የፕሮቡ መሄጃ ቦዮች ወደሚጠበቀው እንቅስቃሴ አቅጣጫ መዞራቸውን የምታረጋግጡት ግራውቱ ሳይጠነክር ነው፤ ለማስተካከል ብላችሁ ግን ከላይ ይዛችሁ አትጠምዝዙት፣ ጠመዝማዛው ውስጡ ይቀራል።

አንዴ ከዘመመስ? በጊዜ ካወቃችሁት ጥሩ፣ ስለዚህ በየተወሰነ ሜትሩ ቆም ብላችሁ ዝንባሌውን ለኩ። በግራውት ሞልቶ እዚያው እንደገና መቆፈር ይቻላል። ነገር ግን ግራውቱ ከዙሪያው መሬት ከለሰለሰ ቢቱ የድሮውን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። ቦታ ካለ የዘመመውን ደፍናችሁ ሪጉን ትንሽ ፈቀቅ አድርጉትና እንደ አዲስ ጀምሩ፣ ያዋጣል።