ኩላንት ከተቀየረ በኋላ የሚሞቅ አሮጌ ኮሮላ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ይዞ በግቢው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ለቀየረና ከዚያ ወዲህ የሞተሩ ሙቀት ላስቸገረው ባለመኪና የተዘጋጀ ነው። የፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) መጥበቅ፣ የቺንጋውን (የቀበቶውን) ውጥረትና የማፍሰሻው ብሎን በደንብ መዘጋቱን አስቀድመው እንዳዩ እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ ኩላንቱ ከተቀየረ በኋላ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማሞቂያው ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባም ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማል።

መንስኤው በሞተሩ ውስጥ የታሰረ አየር ነው። ለዚህ ምልክት ከቀረቡልኝ መኪናዎች አብዛኞቹ ሌላ ምንም ችግር አልነበረባቸውም። ራዲያተሩ በጥድፊያ ሲሞላ ኩላንቱ አፍ ድረስ የደረሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ቴርሞስታቱ (በሙቀት የሚከፈተው የውሃ በር) በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ዝግ ስለሆነ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና በማሞቂያው ቱቦዎች ውስጥ ያለው አየር መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል። የውሃ ፓምፑ አየርን መግፋት አይችልም፤ አየሩ የተቀመጠበት ብረት ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ስለማያገኝ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይግላል።

አየር መቅረቱን በቀላሉ የሚያሳውቀው ልኬት ነው። የእነዚህ መኪናዎች ማቀዝቀዣ በጠቅላላው ከ5 እስከ 6 ሊትር ይይዛል፤ የራዲያተሩ ማፍሰሻ ብቻ ሲከፈት ግን ግማሽ ያህሉ በሞተሩ ውስጥ ይቀራል፤ ለእሱ በሞተሩ አካል (ብሎክ) ላይ ሌላ ማፍሰሻ አለ። ስለዚህ የወጣውን ፈሳሽ በጄሪካን ይለኩ። 5 ሊትር ወጥቶ 3 ሊትር ተኩል ብቻ ከገባ፣ የጎደለው ሊትር ተኩል አየር ነው። ይህን ልኬት የሚሠራ ሰው ማየት ብርቅ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ስንት ሞተር ያድን ነበር።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከፋውን አደጋ ልንገርዎ። አንድ ደንበኛዬ ቅዳሜ ኩላንት ቀይሮ እሑድ ወደ ጎጃም ተነሣ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ሁሉም ደህና ነበር፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት እንደጀመረ ጌጁ ወደ ቀዩ ተጠጋ፣ ጥቂት ቆይቶም በድንገት ወደ ታች ወረደ። እሱም ሞተሩ ቀዘቀዘ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። በእውነቱ ጌጁ የወረደው የሙቀት መለኪያው ጫፍ ከፈሳሽ ወጥቶ በአየርና በእንፋሎት ውስጥ ስለቀረ ነበር። ቴስታታው ተጣመመ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ተቃጠለ። ወደ ላይ ወጥቶ በድንገት የሚወርድ ጌጅ ባዩ ጊዜ ያለ አንዳች ማመንታት መንገድ ዳር ቆመው ሞተሩን ያጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ግን አይክፈቱ፤ በጋለው ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፣ ብረቱ ይሰነጠቃልና።

መፍትሄ፦ ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ መኪናውን ፊቱ ሽቅብ እንዲሆን በዳገታማ ቦታ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ለጎማውም ድንጋይ ያስደግፉ። የማሞቂያውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ ያዙሩት፤ በብዙዎቹ ላይ ወደ ማሞቂያው የሚወስደው መንገድ የሚከፈተው በዚህ ነውና። ኩላንቱን በቀጭኑ፣ ያለ ችኮላ ያፍስሱ፤ መውረዱን ሲያቆም የላይኛውን የራዲያተር ጎማ (ቱቦ) በእጅዎ ደጋግመው ይጨምቁ፤ አረፋ ይወጣል፣ ደረጃውም ይወርዳል፤ እንደገና ይሙሉ። ከዚያ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን አስነሥተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ይተውት። የላይኛው ጎማ ቀድሞ ይሞቃል፤ የታችኛው ግን ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ ገደማ እስኪከፈት ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። የታችኛው ጎማ መሞቅ ሲጀምር አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ ደረጃውም በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ደቂቃ ነው፤ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ቀድመው ይከድናሉ። ይሙሉ፣ ይጠብቁ፣ ደግመው ይሙሉ፤ አረፋው ሲያበቃና ማሞቂያው ትኩስ አየር ሲነፍስ ይክደኑ። ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሳይታሰብ ስለሚነሣ እጅዎንና ልብስዎን ያርቁ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ክዳኑን ከፍተው የጎደለውን ይጨምሩ።

ያፈሰሱትን አሮጌ ኩላንት መሬት ላይ አይተዉት። ኤትሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ውሾችና ሕፃናት ይቀምሱታል፣ ይገድላልም።

ምልክት፦ አየሩ በሙሉ ወጥቷል፣ ነገር ግን መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ይፈላል፣ ከራዲያተሩ ጎን ያለችው የፕላስቲክ ጠርሙስም ሞልታ ትፈስሳለች።

መንስኤው ብዙ ጊዜ የራዲያተሩ ክዳን ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ንጹሕ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የእነዚህ ኮሮላዎች ቬንትሌተር ደግሞ የሚነሣው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘና ራዲያተሩ በተራ ውሃ ከተሞላ፣ ቬንትሌተሩ ሳይነሣ ውሃው ይፈላል። 0.9 የሚል ጽሑፍ ያለበት ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። በየመደብሩ የሚሸጡት ርካሽ ክዳኖች ጽሑፉ አላቸው፣ ስፕሪንጋቸው ግን በጥቂት ወራት ይልፈሰፈሳል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው መሸጥ በደል ነው። ሲገዙ የጎማውን ልስላሴና የመሃል ቫልቩን መመለስ በጣትዎ ይፈትሹ። የቬንትሌተሩን ስዊች ለመፈተሽ ቁልፉን ከፍተው የስዊቹን ሶኬት ይንቀሉ፤ በእነዚህ ሞዴሎች ላይ ቬንትሌተሩ ወዲያው መነሣት አለበት።

ምልክት፦ በከተማ ደህና ሆኖ በዳገትና በረጅም ጉዞ ይሞቃል።

የቴርሞስታቱን ቤት ከፍተው ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን ይመልከቱ። «ለኛ አየር ንብረት አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ መጣል የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን የውሃ መንገድ ስለሚዘጋ፣ እሱ ከሌለ የውሃው ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ እየጋለ ይመለሳል። አዲሱን ሲገጥሙ ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ወደ ላይ ትሁን።

ምልክት፦ የወጣው ፈሳሽ የሸክላ ቀለም አለው።

ለዓመታት የተጨመረ የቧንቧ ውሃ ያመጣው ዝገት ነው። ጥርት ብሎ እስኪወጣ በውሃ ደጋግመው ያጥቡ፣ ከዚያም ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅለው ይሙሉ። ኩላንት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ዝገቱን ለመከላከል ነው። የተጣራውን ውሃ ከባትሪ ዕቃ ሻጭ ሲገዙ አሲድ እንዳይሰጥዎ አረጋግጠው ይውሰዱ። በቀለም መመሳሰል ተማምነው ሁለት ዓይነት ኩላንት አይቀላቅሉ።

ከውሃ ፓምፑ ሥር የሚንጠባጠብ ካዩ ፓምፑ ይለወጥ።

አየሩን በትክክል ሦስት ጊዜ አስወጥተው አረፋው አሁንም የማያቋርጥ ከሆነ፣ የሚገባው የቃጠሎ ጋዝ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ስለተበላ መኪናውን ሳያሽከረክሩ ወደ ጋራዥ ያስጎትቱት።