ወደ ህንዷ አንድራ ፕራዴሽ ክልል ለትምህርት ለሄዳችሁ፦ ማንዳል ምን ያደርግላችኋል፣ ምን አያደርግላችሁም

የተቀባይነት ደብዳቤው «ጉንቱር» ይላል፤ መኪናው የሚያወርዳችሁ ግን ከተማው መሀል አይደለም። አቻርያ ናጋርጁና ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ ያለው ጉንቱርንና ቪጃያዋዳን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ፣ ናምቡሩ መንደር አጠገብ ነው። ናምቡሩ ደግሞ በፔዳካካኒ ማንዳል ሥር ነው። ማንዳል ከመንደር በላይ፣ ከዲስትሪክት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ ወረዳ ብትሉት ብዙም አትሳሳቱ። በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በክልሉ ዋና ሚኒስትር በኤን ቲ ራማ ራኦ መንግሥት ጊዜ፣ ታሉካ የሚባሉት ሰፋፊ አስተዳደሮች ቀርተው በምትካቸው የመጣ ነው።

ስህተቱም የሚጀምረው ከዚሁ «ወረዳ» ከሚለው ነው። የቀበሌ መታወቂያ የለመደ ሰው እዚያም መታወቂያ ፍለጋ የማንዳሉ ሹም ታሲልዳሩ ቢሮ ይሰለፋል። ታሲልዳሩ፣ ሕዝቡ አሁንም ኤምአርኦ የሚለው፣ የሚይዘው የመሬት መዝገብ፣ የገቢና የጎሳ ማስረጃ ነው፤ ይህ ሁሉ የዜጎች ጉዳይ ነው። ኤምፒዲኦ የሚባለው ሌላው ኃላፊ ደግሞ የልማት ሥራ ይከታተላል። የውጭ ዜጋ ጉዳይ የሚያልቀው ከማንዳል በላይ ነው። ከ180 ቀን በላይ የሆነ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በገባ በ14 ቀን ውስጥ ኢ-ኤፍአርአርኦ በተባለው የውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ (ኤፍአርአርኦ) የኢንተርኔት አገልግሎት ይመዘገባል። ኤፍአርአርኦ ቢሮ በሌለበት ዲስትሪክት ጉዳዩን የሚይዘው የዲስትሪክቱ የፖሊስ አዛዥ ቢሮ ነው።

ከእናንተ በፊት ሌሎች ሁለት ወገኖች የሚሞሉት ቅጽ አለ። ዩኒቨርሲቲው ስለ ተማሪው የሚሞላውን ቅጽ (እስከ 2025 ፎርም ኤስ ይባል የነበረውን) ያስገባል። ያሳደራችሁ ሰው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ፎርም ሲ (በ2025ቱ ደንብ ፎርም 3 የሆነውን) ማስገባት አለበት። ሆቴሎችና የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ይህን ያውቃሉ። መንደር ውስጥ ፎቁን የሚያከራይ ገበሬ ግን ፎርም ሲ የሚባል ነገር ላይሰማ ይችላል፤ ቅጹ ደግሞ በራሱ ስም ተመዝግቦ የሚሞላው ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ፎርም ሲ ይሞሉልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ ያለዚያ ምዝገባው ላይ ትያዛላችሁ።

ማንዳል በእውነት የሚያስፈልጋችሁ ለአድራሻ ነው። አድራሻ የሚጻፈው በቤት ቁጥር፣ በመንደር፣ በማንዳል፣ በዲስትሪክት፣ በክልል ተራ ሆኖ መጨረሻ ላይ ባለ 6 አሃዝ የፖስታ ቁጥር ይገባል። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መንደሮች በየማንዳሉ ስላሉ ማንዳሉን የዘለለ አድራሻ ሌላ ቦታ ሊያደርሳችሁ ይችላል። ዲስትሪክቱንም ከአሮጌ ወረቀት አትገልብጡ። ኤፕሪል 4 ቀን 2022 አንድራ ፕራዴሽ ከ13 ወደ 26 ዲስትሪክት ስትከፈል ከድሮው ጉንቱር ፓልናዱና ባፓትላ ወጡ። አሁን ፓልናዱ ውስጥ በሆነችው ናራሳራኦፔት ያለ ሰው የድሮ የኪራይ ውል አይቶ «ጉንቱር» ብሎ ቢጽፍ ፖሊስ ሊያረጋግጥ ሲመጣ አድራሻው አይገጥምም። የኪራይ ውሉ፣ የባንኩ ቅጽና የኢ-ኤፍአርአርኦው ጽሑፍ እስከ ቤት ቁጥሩ ድረስ (ለምሳሌ 2-45/1) አንድ ይሁኑ።

ስምም እንዲሁ ያደናግራል። ቴሉጉዎች፣ የአገሩ ሰዎች፣ የቤተሰቡን ስም፣ ኢንቲፔሩ የሚሉትን፣ ከፊት ያስቀድማሉ፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል። ስለዚህ «አበበ ከበደ»ን ያየ ጸሐፊ አበበን የቤተሰብ ስም አድርጎ «አ. ከበደ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ፓስፖርቱን ከፊቱ ዘርግታችሁ መስመር በመስመር አስገልብጡት።

ባንክ ላይ ተማሪ በፓስፖርት፣ በቪዛና በመግቢያ ደብዳቤ ኤንአርኦ የሚባለውን የነዋሪ ያልሆነ ሰው ሒሳብ መክፈት ይችላል። የአድራሻ ማስረጃውን በ30 ቀን ውስጥ ያቀርባል፤ እስከዚያ ከውጭ የሚገባለት ከ1,000 ዶላር፣ በወር የሚያወጣው ከ50,000 ሩፒ አይበልጥም። የመጀመሪያውን ክፍያ የምታስልኩ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስቡ።

በቋንቋቸው በቴሉጉ ሰው ስትጠሩ በስሙ ላይ «ጋሩ» ጨምሩ፤ እንደ አቶና ወይዘሮ ነው፣ የሚገባው ግን ከኋላ። ባለሱቁን «አና» (ወንድም ጋሼ)፣ ሴቷን «አካ» (እትዬ) በሏቸው። «ኤንታ» ስንት ነው፣ «ኮንቼም» ትንሽ፣ «ቫዱ» አልፈልግም ማለት ነው። መብራት ሲሄድ «ካረንት ፖዪንዲ» ይላሉ፤ «ካረንት ሄደ» ማለት ነው፣ እንደኛው።

ከምግብ ጋር የሚመጣ አንድ ነገር ግን አለ። አፍ የነካው ምግብ «ኤንጊሊ» ይባላል፣ እንደ ተነካካ ይቆጠራል። ስለዚህ ጎረቤታችሁን ቤታችሁ ጋብዛችሁ ከአንድ ትሪ አብራችሁ እንብላ ብትሉት ይጨነቃል፣ ጉርሻ ብትዘረጉማ ይደነግጣል። ለየብቻው ሳህን ስጡት። የጋራ ውኃ ጠርሙስም ከንፈር ሳይነካ ከላይ እየተንቆረቆረ ነው የሚጠጣው፤ ጥቂት ቀን ሸሚዛችሁን ታረጥቡና ትለምዱታላችሁ።

እንጀራ ለናፈቀው፣ ጤፍ ባይኖር ዳጉሳ ሞልቷል። ራጊ የሚሉት እሱው ነው፤ ዱቄቱን «ራጊ ፒንዲ» ብላችሁ ጠይቁ። 2 ኩባያ ራጊ ላይ 1 ኩባያ የሩዝ ዱቄት አድርጉ፤ ብቻውን ይሰነጣጠቃል፣ አብሲት ከተጣለበት ግን ይያዛል። የመጋገሪያ ምጣድ በሌለበት ዶሳ የሚጋገርበት ፔናም ይበቃል፣ እንጀራው ትንሽ ቢሆንም። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ማታ የተቦካው ጠዋት ደርሷል፣ ቀትር ድረስ ከቆየ ይኮመጥጣል። ነጭ አዝሙድ «ቫሙ»፣ አብሽ «ሜንቱሉ» ይባላሉ። ጉንቱር የቃሪያ አገር ስለሆነ በርበሬ አያስቸግርም፤ ሳናም የሚባለው ዓይነት ግን ስለሚያቃጥል ለቀለሙ የተሸበሸበውን ባያድጊ ቀላቅሉበት። ኮረሪማ ግን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ የሚሸጡላችሁ ሄል ሌላ ነው።