መንገድ ነው ወይስ የጎማ ዱካ? የዩታን ገደላማ ምድር ለማስከለል

በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ደቡብ ያለው የቀይ ድንጋይ ገደል ብዙው የፌዴራል መሬት ነው፤ ሰፊውን ክፍል የሚያስተዳድረው ቢ ኤል ኤም የሚባለው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት አንድን ቦታ «ዊልደርነስ» (በተፈጥሮ ሁኔታው እንዲቆይ በሕግ የሚጠበቅ ምድር) ብሎ የሚከልለው ግን ኮንግረስ ብቻ ነው። በ2019 በዩታው ኤመሪ ካውንቲ ከ660,000 ኤከር በላይ የተከለለው በዚህ መንገድ ነው። እስከዚያው ቦታው እንዲጠበቅ የምትፈልጉ የእናንተ ድርሻ፣ የዊልደርነስ ባሕርይ እንዳለው አስመስክራችሁ በቢሮው መዝገብ ማስገባት ነው።

መስፈርቱ አጭር ነው፦ ቢያንስ 5,000 ኤከር (2,023 ሄክታር ገደማ)፣ መንገድ ያልገባበት፣ የሰው እጅ እምብዛም የማይታይበት፣ ጭር ያለ። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው «መንገድ» ከምትለዋ ቃል ነው። ቢሮው መንገድ የሚለው በማሽን የተሠራ፣ በማሽን የሚጠገንና በመደበኛነት የሚያገለግል ሲሆን ነው። መኪና እየተመላለሰ ያወጣው ዱካ ግን፣ የቱንም ያህል ዓመት ቢነዳበት፣ መንገድ አይባልም።

ስለዚህ ካሜራችሁን ከገደሉ ውበት ወደ መሬቱ መልሱት። ዱካው ከሚጀምርበት አንስታችሁ በየግማሽ ማይሉና በየመገንጠያው ቁሙ፤ ወደፊትም ወደኋላም ፎቶ አንሱ። የጂ ፒ ኤስ ነጥቡን፣ የፎቶውን አቅጣጫና ቀኑን እዚያው ጻፉ። ማታ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው ሃያ ተመሳሳይ ቀይ ፎቶ ይዞ ይቀራል። በሁለቱ የጎማ መስመሮች መካከል ቁጥቋጦ በቅሏል? ጎርፍ ቆርጦት ማንም አልጠገነውም? ለእናንተ ይመሰክራል። ግሬደር (የመንገድ መደልደያ ማሽን) ወደ ጎን የገፋው የአፈር ክምር ወይም የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ካለ ደግሞ በእናንተ ላይ ነው። ቢሆንም አንሱት። የደበቃችሁት ቱቦ በኋላ ከተገኘ የቀረው ማስረጃችሁም ይጠረጠራል።

እውነተኛ መንገድ ተገኘ ማለት ሁሉ ነገር አበቃ ማለት አይደለም። መንገዱ መሐል ገብቶ የሚቆም ከሆነ ወሰኑን በአንድ ጎኑ ወስዳችሁ ጫፉን ዞራችሁ በሌላው ጎን መልሱት። አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ግን ቦታው ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ለብቻው 5,000 ኤከር መሙላት ይኖርበታል።

ለቢሮው የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ወሰኑ በግልጽ የተሰመረበት ካርታ፣ ቦታው መስፈርቱን እንዴት እንደሚያሟላ የሚያስረዳ ዝርዝር ጽሑፍ፣ ፎቶዎቹ። የፎቶዎቹን ቁጥር ካርታው ላይ አስፍሩ፤ «በጣም ያምራል» የሚለውን ተዉት።

ለጉዞው በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ውኃ ያዙ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሩቅ የዘነበ ዝናብ ጠባቡን ሸለቆ በድንገት ስለሚሞላው እዚያ ውስጥ አትደሩ። ከዱካው ስትወጡ በድንጋይ ወይም በአሸዋማው የጎርፍ መውረጃ ሂዱ፤ ጥቁሩና ጎርባጣው የአፈር ቅርፊት ሕይወት ያለው ነው፣ አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።