የሞዴል ባቡር ጎን ሀዲድ ላይ ኤሌክትሪክ ስንቆጣጠር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አዳማ አንድ ወጣት የሠራውን ሞዴል እንዳይለት ቤቱ ወሰደኝ። ሁለት ሎኮሞቲቭ አለው። አንዱን ጎን ሀዲድ ላይ (ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ባቡር የሚቆምበት ሀዲድ) አቁሞ ሌላውን በዋናው መስመር ሲያስነሳ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ። ስንቱ ጀማሪ በዚሁ ችግር እንደጠራኝ ስለማውቅ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

በአዳማ የሚያልፈው አዲሱ ባቡር ኃይሉን የሚወስደው ከላይ ከተዘረጋው የ25,000 ቮልት ሽቦ ነው። የእኛ ትንሹ ባቡር ግን ከታች ነው የሚጎርሰው፤ አንዱ ሀዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ፣ ቢበዛ 12 ቮልት ዲሲ። ስለዚህ ኮንትሮለሩን ስታዞሩ ሀዲዱ ላይ ያለ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። አንዱን ማቆም ከፈለጋችሁ የቆመበትን ሀዲድ ከኃይል መነጠል አለባችሁ።

ማስቀየሪያውን (ባቡሩን ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው የሚመራውን መገንጠያ) እንደ ማብሪያ ማጥፊያ መቁጠር። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካ ማስቀየሪያዎች ምላሳቸው (ወዲያና ወዲህ የሚዞረው ሹል ሀዲድ) በዞረበት በኩል ብቻ ኃይል ያሳልፋሉ። ከካርቶኑ እንደወጣ በደንብ ይሠራል፤ ጀማሪውም «ለምን ተጨማሪ ሽቦ እዘረጋለሁ?» ይላል። ግን ያለነው አዳማ ነው! ለነፋሷ ተብሎ ተርባይን በተተከለባት ከተማ አቧራው በተዘጋ መስኮትም ይገባል። ምላሱ ከሀዲዱ ጋር የሚነካካው በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ስለሆነ ኃይሉን ለማቋረጥ ስስ አቧራ ብቻ ይበቃል። ሎኮሞቲቩ ከጎን ሀዲዱ አልወጣ ይላል፤ ባለቤቱ ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ ይፈታዋል። ምንም ያልሆነ ሞተር ተበትኖ፣ የካርቦኗ ስፕሪንግ ወለሉ ላይ ጠፍታ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ማስቀየሪያው መንገድ ብቻ ይምራ፣ ኃይል የማሳለፉን ሥራ አትስጡት። ጎን ሀዲዱን ቆርጣችሁ ለዩት፣ የራሱን ሽቦ በሊድ በይዱለት፣ መሀል ላይ አንድ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገቡ። የማስቀየሪያው መሀል ላይ ያለው የቪ ቅርጽ ብረት ከሆነና ኃይል የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ከእሱ የሚወጡትን ሁለቱንም ውስጠኛ ሀዲዶች በፕላስቲክ ማያያዣ ነጥሉ፤ አለዚያ ሾርት ያደርጋል።

የተቆረጠውን ክፍተት ባዶ መተው። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ማታ በብረት መጋዝ ቆረጥኩ፣ በቴስተር ለካሁ፣ ተነጥሏል። በሚያዝያ ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያው ሲግል ግን ሀዲዱ ተለጥጦ ሁለቱ ጫፎች ተነካኩ። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ የቆመው ሎኮሞቲቭ ከዋናው ባቡር ጋር አብሮ ተነሳ፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ሜትር ሀዲድ በ20 ዲግሪ ልዩነት የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ያህል ይረዝማል፤ በቀጭን መጋዝ የተቆረጠን ክፍተት ለመዝጋት አይከብደውም። አሁን ሲም ካርድ የሚወጣበትን ፕላስቲክ ቁራጭ አቅጥኜ ክፍተቱ ውስጥ እሰካለሁ፣ በሱፐር ግሉ አጣብቃለሁ፣ ሲደርቅ በሞረድ ከሀዲዱ ጋር አስተካክላለሁ። ጣት ሲያልፍበት ምንም መሰማት የለበትም።

ጎን ሀዲዱን ማሳጠር። የፊት መንኮራኩሮቹ ከክፍተቱ ወዲያ፣ የኋላዎቹ ወዲህ ከቀሩ ሎኮሞቲቩ ራሱ ድልድይ ሆኖ ኃይል ያሻግራል። ከመቁረጣችሁ በፊት ረጅሙን ሎኮሞቲቭ አቁማችሁ ለኩ።

ሁለቱንም ሀዲድ መቁረጥ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ አንዱ ይበቃል፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይሁን። ማብሪያውም ከትራንስፎርመሩ ወዲህ 12 ቮልቱ ላይ ነው የሚገባው፤ በ220 ቮልት አትጫወቱ።

መጨረሻው ዝግ የሆነን ሀዲድ ያለ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) መተው። ለጀማሪ ማሳየት የምወደው ነገር ነው። ሀዲዱ ጫፍ ላይ ካለው ማቆሚያ አንድ ሎኮሞቲቭ ያህል ቀደም ብላችሁ አንዱን ሀዲድ ቁረጡ፤ ክፍተቱን በአንድ ዳዮድ አገናኙ። 1ኤን4001 ይበቃል፣ ከተበላሸ ቻርጀርም ይገኛል። ባቡሩ ወደ ማቆሚያው ሲሄድ ኃይሉ ይቋረጥበትና ይቆማል፤ ኮንትሮለሩን ወደ ኋላ ስታዞሩ ዳዮዱ ያሳልፍለትና ይወጣል። ገብቶ ማቆሚያውን ከገጨና አልወጣም ካለ ዳዮዱን ገልብጡት።

«ዲጂታል ስለሆነ ማብሪያ አያስፈልገውም» ማለት። እውነት ነው፣ በዲሲሲ፣ ማለትም በዲጂታሉ አሠራር፣ ሎኮሞቲቩ የራሱ ቁጥር ካልተጠራ አይነሳም። እኔ ግን ማብሪያዎቹን አልነቀልኩም። አንድ ቦታ ሾርት ሲፈጠር ጠረጴዛው በሙሉ ይሞታል። ያኔ ጎን ሀዲዶቹን አንድ በአንድ አጠፋለሁ፤ የትኛው ሲጠፋ ሌላው ነፍስ እንደሚዘራ አይቼ እዚያ ላይ ብቻ አጎነብሳለሁ።