በመዳብ ሙከራ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መዳብ የደረሰበትን በቀለሙ ስለሚናገር ለተማሪ የሚመች ብረት ነው። ብዙው ስህተት የሚመጣውም ቀለሙን እንዳየን ሳንፈትን ስም ስንሰጠው ነው።

ጥቁሩን «ጥላሸት ነው» ብሎ መጻፍ። መዳብ በእሳት ሲሞቅ ይጠቁራል። መጠርጠሩ ጥሩ ነው፤ ግን ፈትኑት። ጥቁሩን ፍቃችሁ በሞቀ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ጨምሩት። ጥላሸት ቢሆን ኖሮ ሳይሟሟ ይቀር ነበር። ይኼኛው ግን ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ውሃ የሚመስለው ፈሳሽም ሰማያዊ ይሆናል። ጥቁሩ ኮፐር ኦክሳይድ፣ ማለትም መዳብ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ውህድ፣ ነበር ማለት ነው። ይህን ለውጥ በዓይኑ ያየ ተማሪ ቀመሩን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ሚዛን ላይም ችግር አለ። 6.35 ግራም መዳብ ሙሉ በሙሉ ወደ ኦክሳይድ ቢለወጥ 7.95 ግራም ይሆናል። ያነሰ ካገኛችሁ ቁጥሩን ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ያገኛችሁትን ጻፉ። የላይኛው ጥቁር ሽፋን ኦክስጅን እንዳይዘልቅ ስለሚያግድ የመሀሉ መዳብ ሳይነካ ይቀራል። በስሱ የተነሰነሰ የመዳብ ዱቄት ከወፍራም ቁራጭ ይሻላል።

ያልጸዳ መዳብ አሲድ ውስጥ መክተት። መዳብ ከተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሃይድሮጅን አያስለቅቅም፤ በአጸግብሮት ተርታ (ብረቶች ከሌላ ነገር ጋር ለመዋሃድ ባላቸው ብርታት በሚደረደሩበት ዝርዝር) ከሃይድሮጅን በታች ነውና። ሆኖም የወየበ ሽቦ ስትከቱ ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል። የሟሟው በላዩ የነበረው ኦክሳይድ ነው። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትጉት።

«ትንሽ ቁራጭ ናት» ብሎ ናይትሪክ አሲድን ጠረጴዛ ላይ መሞከር። በዚህ ላይ አልደራደርም። ያልተበረዘ ናይትሪክ አሲድ መዳብን ሲያገኝ ቡናማው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የተበረዘውም የሚያወጣው ቀለም የለሽ ጋዝ አየር ሲነካው ቡናማ ይሆናል። የሳንባ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል «አሁን ደህና ነኝ» ማለት ዋስትና አይሆንም። ጋዙን ወደ ውጭ የሚስብ ሳጥን ከሌለ ሙከራው ይቅር።

ሰማያዊውን የመዳብ ጨው፣ ኮፐር ሰልፌትን፣ ያለ ልክ ማሞቅ። ክሪስታሉ ውስጡ ያለው ውሃ ሲወጣ ይነጣል፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ከበረደ በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ስታደርጉበት ሰማያዊው ይመለሳል፤ ሙቀትም ይሰማችኋል። ማሞቁን ከቀጠላችሁ ግን ይፈርሳል፤ ጎጂ የድኝ ጋዝ ይወጣል፣ የሚቀረውም ጥቁር ይሆናል። ያ ደግሞ በውሃ አይመለስም።

ቀሪውን መታጠቢያ ውስጥ መድፋት። የመዳብ ጨው በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዝ ነው። ቀሪውን የኮፐር ሰልፌት ፈሳሽ ምልክት ባለው ዕቃ ሰብስቡ። የጸዳ ምስማር አቆይታችሁበት ብታዩት ቀዩ መዳብ ምስማሩን ይለብሰዋል፤ ሰማያዊውም እየፈዘዘ ይሄዳል።